ጥቁር አንጀት ያየ ሐኪም ይጠይቅ

በቅርቡ የአንዲት እናትን አንጀት በካሜራ ስንመረምር አንድ አዲስ ሬዚደንት ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጠ «ዶክተር፣ ይሄ ሁሉ ካንሰር ነው እንዴ?» ሲል በሹክሹክታ ጠየቀኝ። የእናትየዋ ትልቁ አንጀት፣ በተለይ በቀኝ በኩል፣ እንደ እባብ ቆዳ ጠቁሮ በቀጫጭን ነጣ ያሉ መስመሮች ተከፋፍሏል።

ካንሰር አይደለም፤ ጀርመናዊው ሐኪም ቪርሾ እ.ኤ.አ. በ1857 ሜላኖሲስ ኮላይ ያለው ነው። እንደ ሰናመኪና እሬት ያሉ አንትራኪኖን ያለባቸው ሆድ አለስላሾች የአንጀቱን ሽፋን ሴሎች ይገድላሉ። ማክሮፋጆች ፍርስራሹን ይውጡና ሊፖፉስሲን የተባለውን ቀለም ይዘው ይቀመጣሉ።

«ናሙና ወስደህ ለፓቶሎጂ ላክ፣ አለቀ» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። አልስማማም። ናሙናው የቀለሙን ምንነት ይነግረናል፤ ሰውዬው ምን እንደሚጠጣና ለምን እንደሚጠጣ ግን አይነግረንም። ያንን የሚያውቀው ታካሚው ነው።

አጠያየቁም ዋጋ አለው። «መድኃኒት ይወስዳሉ?» ማለት አይበቃም። የእኚያ እናት ቅጽ ላይ የሰፈረው ለጉልበት ሕመም የታዘዘላቸው ትራማዶል ብቻ ነበር። «ሰናመኪስ ይጠጣሉ?» ስላቸው «እሱ ቅጠል ነው እንጂ መድኃኒት ነው እንዴ ልጄ? ማታ ማታ አፍልቼ እጠጣለሁ» አሉኝ። መቼ እንደጀመሩ ስንቆጥር ቅጠሉን የሚጠጡለት የሆድ ድርቀት የመጣው ከትራማዶሉ በኋላ ሆኖ ተገኘ። መታከም የነበረበት ይህ ድርቀት ነው። ስለዚህ ሰናመኪውን፣ እሬቱን፣ የክብደት መቀነሻ ሻዩን በየስማቸው እየጠራችሁ ጠይቁ።

ናሙና የምወስድበት ቦታ ሌላ ነው። አዴኖማ ቀለሙን ስለማይይዝ በጥቁሩ መሃል ፈካ ብሎ ይታያል። የሊምፍ ፎሊክሎችም ነጣ ነጣ ስለሚሉ፣ ካሜራውን ቀስ አድርጎ እያንዳንዷን ነጥብ ቀርቦ ማየት ግድ ነው።

ባደግሁበት ቤት ትልልቅ ሰዎች ስለ ሆድ ድርቀት ማውራት ነውር ስለሚመስላቸው ሕመሙን ችለው ይኖሩ ነበር። ይህን ሥራ የወደድኩት ከእነሱ እኩዮች ጋር ያፈሩበትን ነገር ፊት ለፊት ስለሚያነጋግረኝ ነው።

ቅጠሉ ሲቆም ቀለሙ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ይጠፋል፤ ካንሰር እንደሚያመጣም አልተረጋገጠም። ወጣት ባልደረቦቼ፣ ሪፖርታችሁ ላይ «ሜላኖሲስ ኮላይ» ብላችሁ አታቁሙ። ታካሚው የሚጠጣውን ቅጠልና የሚጠጣበትን ምክንያት አብራችሁ ጻፉ።