በኖርማንዲ ገጠር በብስክሌት

ከባዩ ከተማ እስከ አሮማንሽ የባሕር ዳርቻ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና እንዳፍታ ያልፋል፤ የኖርማንዲ ገጠር ግን የሚጣፍጠው በብስክሌት ነው። ዳገቱ አጭር ነው፤ ማርሽ ቀንሰው ትንሽ እንደረገጡ ቁልቁለቱ ይቀበልዎታል። ግራና ቀኙ የስንዴና የተልባ ማሳ፣ የፖም ዛፍ፣ ሣር ላይ የተኙ ላሞች ናቸው። ሰማያዊው የተልባ አበባ ጠዋት ፈክቶ ከሰዓት በኋላ ስለሚረግፍ ማልዶ መነሳት ያዋጣል።

አሮማንሽ ሲደርሱ፣ የቃል ኪዳን አገሮች ጦር እ.ኤ.አ. በ1944 ከእንግሊዝ በባሕር ጎትቶ ያመጣው ሰው ሠራሽ ወደብ የኮንክሪት ቅሪት ዛሬም ውሃው ውስጥ ቆሞ ይታያል። ወደ ምዕራብ ሲቀጥሉ ኮልቪል አለ። ከ9 ሺህ በላይ የአሜሪካ ወታደሮች መቃብር ከኦማሃ ዳርቻ በላይ ተሰልፏል፤ እዚህ ከብስክሌት ወርዶ ዝም ብሎ መራመድ ነው።

ከባሕሩ ርቀው ወደ መሀል አገር ሲገቡ መንገዱ በአፈር ግንብ ላይ በበቀለ ጥቅጥቅ ያለ አጥር መካከል ይጠባል። በ1944 የቃል ኪዳን አገሮች ታንኮች ለሳምንታት የታገሉት ከእንዲህ ዓይነቱ አጥር ጋር ነበር። መጽሐፍ ላይ አንብቤው አልገባኝም ነበር። ፔዳል እየረገጡ ቀና ሲሉ ግን ከቅጠል በቀር የሚታይ የለም፤ ከጀርባው ያደፈጠ ተኳሽ ቢኖር አስር እርምጃ ላይ እንኳ አይታወቅም። ይህን መሬት ያስተዋወቀኝ የብስክሌቱ ዝግታ ነው፣ ውለታውም አይረሳኝም።

ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከምዕራብ ስለሚነፍስ ወደ ባዩ መመለሱ ይቀላል።