ደርዳሪውን በእንዝራው እወቁት

ሁዳዴ ሲገባ በገና ከየስልኩ መሰማት ይጀምራል፤ ካማሺም ይሁን አዲስ አበባ። አብዛኛው አድማጭ ደርዳሪን የሚመዝነው በግጥሙ ነው። እስቲ ግጥሙን ለጊዜው ተዉትና ዜማው ከመግባቱ በፊት ያለውን ድርደራ ስሙ።

በገና አሥር አውታር አለው፤ ጥንታዊው ከበግ አንጀት የተገመደ ነው። እያንዳንዱ አውታር በሚሸከመው በርኩማ ላይ ሲያርፍ ከሥሩ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባለታል፤ እንዝራ የሚባለው ነው። ያ የሚነዝር ድምፅ የሚመጣው ከሱ ነው። እንዝራው ያለቦታው ከገባ አውታሩ ወይ ይታፈናል፣ ወይ እንደ ክራር ጥርት ብሎ ይጮኻል። ጠንቃቃ ደርዳሪ ከቅኝቱ በኋላ እንዝራዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ገፋ፣ ሳብ እያደረገ ያስተካክላል። እንግዲህ ወፍራሙም ቀጭኑም አውታር እኩል ይነዝራል? አንዱ ብቻ ጥርት ካለ ሰውየው ቸኩሏል።

ቀጥሎ ጣቱን ተከተሉ። በጣት ሲደረደር ድምፅ የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት አውታሮች ናቸው፤ የቀሩት ጣት ማሳረፊያ ይሆናሉ። ስለዚህ የኖታ ብዛት ችሎታ አይደለም። አውታሩ ነዝሮ ሳይጨርስ ወደሌላው የሚሮጥ ጣት፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ በገና አልገባውም። የአሶሳ ሰው በኅብረት የሚነፋውን የበርታን መለከት፣ ዋዛን፣ ያውቃል፤ እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ድምፅ በተራው ያስገባል፣ ክፍተቱን የሚሞላለት ጓደኛ አለው። ደርዳሪ ግን ብቻውን ነው፤ ክፍተቱን የሚሞላው የአውታሩ ንዝረት ብቻ ነው።

ድምፁም ከንግግር ብዙ መራቅ የለበትም። ጉሮሮውን እያስጨነቀ የሚያዜም ሰው በገናውን ይሸፍነዋል። ለዚህ መለኪያ የሚሆነኝ ዓለሙ አጋ ነው። እንጦጦ ላይ በልጅነቱ ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተማረ፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ያስተማረ ሰው ነው። ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ አልበም 11ኛ ቅጽ ላይ ስሙት፤ ቃሉና አውታሩ አይሻሙም።

የዛሬ ቅጂዎች ላይ የሚበዛው የስቱዲዮ ማስተጋቢያ የእንዝራን ጉድለት ይደብቃል። በዚያ ላይ ኪቦርድ ከተጨመረበት ደርዳሪውን መመዘን አይቻልም፤ እኔ እዘለዋለሁ። የስልክ ድምፅ ማጉያም ወፍራሙን ድምፅ ስለሚያስቀር የሚሰማችሁ ከላይ ያለው ንዝረት ብቻ ነው። ስለ አንድ ደርዳሪ ከመፍረዳችሁ በፊት ቢያንስ ጆሮ ማዳመጫ ሰኩ።