የትንኝ ዕድሜ ስሌት

ሮናልድ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1897 የወባን ተውሳክ በትንኝ ሆድ ውስጥ ካገኘ በኋላ አንድ ከባድ ሙግት ገጠመው፤ ትንኝን ጨርሶ ማጥፋት ካልተቻለ ይህን ማወቁ ምን ይፈይዳል? ሮስ መልሱን በስሌት ሰጠ። የትንኞች ብዛት ከተወሰነ ልክ በታች ከወረደ፣ አንድ ሕመምተኛ እስኪድን ድረስ በአማካይ አንድ ሰው እንኳ ስለማያስይዝ፣ ጥቂት ትንኝ ቢተርፍም በሽታው እየከሰመ ይሄዳል። ቀላል ሞዴል የምንሠራው ለዚህ ይመስለኛል፤ ከተወሳሰበው ነገር የትኛው ክር ቢሳብ እንደሚፈታ ለማየት።

ጆርጅ ማክዶናልድ በ1950ዎቹ ያንኑ ስሌት ሲያዳብር ዋናው ክር የትንኟ ዕድሜ ሆኖ ተገኘ። በየቀኑ የመትረፍ ዕድሏ 90 በመቶ ነው እንበል። ተውሳኩ በቆላ ሙቀት በሰውነቷ ውስጥ ለመጎልመስ 10 ቀን ገደማ ይፈልጋል። 0.9 በራሱ አሥር ጊዜ ሲባዛ 0.35 ይሆናል፤ ከ100 ተውሳክ ያዥ ትንኞች 35ቱ ለማስተላለፍ ይበቃሉ። ትንኞቹን በግማሽ ብንቀንስ 17 ወይም 18 ይቀራሉ። ቁጥራቸውን ሳንነካ የዕለት ዕድላቸውን ወደ 80 በመቶ ብናወርድ ግን የሚደርሱት 11 ብቻ ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀራቸው ዕድሜም በግማሽ ያጥራል። ደም ጠጥታ ግድግዳ ላይ የምታርፈውን ትንኝ የሚገድለው የቤት ውስጥ ርጭት ጉልበቱ ከዚህ ይመነጫል።

ሞዴሉ ዝናብን፣ ከፍታን፣ ድህነትን ትቷል የሚል ተቃውሞ ሁሌም ይነሳል። ከፍታውን እንኳ አልተወውም። በብርድ አገር የተውሳኩ መጎልመሻ 20 ቀን ቢሆን ከ100ዎቹ የሚደርሱት 12 ናቸው፤ ደጋው ከወባ የሚተርፍበት አንዱ ምክንያት እዚያው የመጎልመሻ ቀን ቁጥር ውስጥ ተቀምጧል። ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ በ1955 የተጀመረው ዓለም አቀፍ የወባ ማጥፋት ዘመቻ በዚህ ስሌት ተደግፎ ነበር፣ በ1969 ግን ግቡን ሳይመታ ተቋረጠ። ስሌቱ የዕለት ዕድሏን ቀንሱ አለ እንጂ በቤት ውስጥ የሚረጨው ዲዲቲ ለዘለቄታው ይቀንሰዋል አላለም፤ ትንኞች መድኃኒቱን ሲላመዱ ዕድላቸው ተመልሶ ከፍ አለ። ይህ ግን ሞዴሉን ሙሉ በሙሉ ነጻ አያወጣውም። የጠራ ቁጥር ከሚገባው በላይ ያስተማምናል፤ መድኃኒቱ ይይዝ እንደሆነ ደግሞ በየጊዜው በሕያው ትንኝ ላይ ካልተፈተነ በወረቀት አይታወቅም።

ዛሬም ጥያቄው እኛው ደጃፍ ላይ ነው። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የእስያ ትንኝ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። የዝናብ ኩሬ አትጠብቅም፤ በበርሜልና በውኃ ታንከር ውስጥ ትፈለፈላለች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወቅት የተነሳው ወረርሽኝ ከእሷ ጋር ተያይዟል። እዚህ የሮስ ቀመር አልፈረሰም፤ በበጋ የትንኝ ብዛት ይወርዳል ብለን የምናስገባው ቁጥር ነው ለእንዲህ ያለ ከተማ የማይሠራው። ስለዚህ የሚለካው ከአጎበርና ከርጭቱ ሽፋን ሌላ በየግቢው ያለው ክዳን የሌለው በርሜል ነው።