ለሚወድቅ ሰው የተሠራ ቦርድ

በጥንቃቄ የተሠራ የጀማሪ ስኖውቦርድ እጃችሁ ሲገባ ሥዕሉንና ቀለሙን ለጊዜው ተዉት። ገልብጡትና ዙሪያውን ከሚከብበው የብረት ጠርዝ ጀምሩ። ቀጭኑ ብረት ከታችኛው የፕላስቲክ ገጽ ጋር የሚገጥምበትን መስመር በጥፍራችሁ አቋርጡት። ጥፍራችሁን የሚይዘው ነገር መኖር የለበትም። ብረትና ፕላስቲክ የተገናኙበትን ቦታ ዓይን ያያል፤ ጣት ግን አያውቀውም። ከዚያ ጠርዙን ተከትላችሁ ከመሃል ወደ አፍንጫው ሂዱ። ወደ ጫፉ ስትቃረቡ ብረቱ በጥቂቱ ወደ ላይ ያዘነብላል። በጥቂት ዲግሪ የምትለካ ዝንባሌ ናት፤ ካልፈለጓት አትታይም። ቦርዱን የነደፈው ሰው ስለ ጀማሪው ውድቀት ቁጭ ብሎ ማሰቡ የሚታወቀው በእሷ ነው።

በስኖውቦርድ ክፉው ውድቀት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ገደል በሚመስል ቁልቁለት ላይ አይደለም። ለጥ ባለ ቦታ በቀስታ ሲሄዱ ነው። ቦርዱ በረዶው ላይ ተኝቶ ወደ ጎን ሲንሸራተት በቁልቁለቱ በኩል ያለው ጠርዝ ድንገት በረዶውን ይነክሳል። ቦርዱ ይቆማል፤ ሰውየው ግን አይቆምም። ሁለቱም እግሮቹ ስለታሰሩ አንዱን አስቀድሞ ራሱን ማዳን አይችልም። ወደ ኋላ ከሄደ በመቀመጫውና በጭንቅላቱ፣ ወደ ፊት ከሄደ በእጅ አንጓው ያርፋል። የእጅ አንጓ ስብራት በጀማሪዎች ላይ በብዛት ከሚታዩት ጉዳቶች አንዱ የሆነው ለዚህ ነው። ሕፃን ሲወድቅ ከመሬት ብዙም ሩቅ አይደለም። በአርባ ዓመቱ የሚጀምር ሰው ግን ሙሉ ቁመቱንና ሙሉ ክብደቱን ይዞ ይወርዳል፤ በማግስቱም ሥራ ይጠብቀዋል።

የጀማሪ ዕቃ ሲባል ብዙ ሰው ከባለሙያው የተረፈ ግዴለሽ ሥራ ይመስለዋል። እንደዚያ ያለም ገበያ ላይ አይጠፋም። በቅጡ የተሠራው የጀማሪ ቦርድ ግን ከእሽቅድምድም ቦርድ ያላነሰ ጥበብ አለበት ብዬ አምናለሁ። ጎበዝ ተንሸራታች የዕቃውን ጉድለት በጉልበቱና በልምዱ ይሸፍናል። ጀማሪ የሚሸፍንበት ነገር የለውም፤ የሠሪው ስህተት ሁሉ በቀጥታ እሱ ላይ ያርፋል።

የአብዛኞቹ ስኖውቦርዶች ልብ እንጨት ነው። ካርቦንና አረፋ በሞላበት ዘመን እንጨት ቦታውን ያለቀቀው ደጋግሞ ታጥፎ ደጋግሞ ወደ ቅርጹ ስለሚመለስ ነው። ፖፕላር፣ አስፐን፣ ፓውሎኒያ፣ አንዳንዴም ቢች ወይም ቀርከሃ በቀጫጭኑ ተሰንጥቆ ጎን ለጎን በሙጫ ይያያዛል። ቀላሉ ፓውሎኒያ ክብደት ይቀንሳል፤ ጠጣሩ ቢች ደግሞ ጫና በሚበዛበት ቦታ ይገባል። የተያያዘው ጣውላ ከዚያ ይላጋል። እግር የሚቆምበት መሃሉ ላይ 7 ወይም 8 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ይቀርለታል፤ ወደ ጫፎቹ ሲሄድ እየሳሳ 2 ሚሊሜትር አካባቢ ይደርሳል። የእጅ ሥራ ልዩነት የሚታየው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም የጣውላ ግትርነት ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ከ7 ሚሊሜትር ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ቢተርፍ እንጨቱ ከአንድ አምስተኛ በላይ ይደነድናል። ለስላሳ ተብሎ የተሸጠ ቦርድ ጀማሪው እግር ሥር ሲገባ አልታጠፍም የሚለው እንዲህ ባለች ትርፍ ነው። ሱቅ ውስጥ አፍንጫውን ይዛችሁ መሃሉን በእጃችሁ መዳፍ ተጫኑት። ጥሩ ሥራ ከሆነ መታጠፉ ከጫፍ እስከ መሃል ሳይቆራረጥ ይከተላል፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚሰበር የሚመስል ከሆነ ተዉት።

ከእንጨቱ በላይና በታች የፋይበርግላስ ጨርቅ በኢፖክሲ ሙጫ ይለጠፋል። ለጀማሪ በታሰበ ቦርድ ላይ የዚህ ጨርቅ ክሮች እንደ ሸማ ድርና ማግ ናቸው፤ አንዱ በቁመት ሌላው በአግድም ይሄዳል። ለፍጥነት በተሠራው ላይ ግን ሰያፍ ክሮች ይጨመራሉ። የልዩነቱን ምክንያት ለማየት ነጠላ ያዙና በቁመቱ ሳቡት፤ እሺ አይልም። በሰያፍ ስትስቡት ግን ይለጠጣል። ሰያፍ ክር የሌለበት ቦርድም እንደዚሁ በቁመቱ ጸንቶ ሳለ ለመጠምዘዝ ፈቃደኛ ነው። ትልቅ ሰው መዞር የሚማረው በዚህ ጥምዘዛ ነው። አስተማሪው የፊተኛውን እግር ጣት እንዲጫን፣ የኋለኛውን እንዲያቆይ ይነግረዋል። የቦርዱ አፍንጫ ይጠመዘዝና አዲሱን ጠርዝ ይይዛል፤ ጭራው ትንሽ ቆይቶ ይከተላል። ተማሪው ሰውነቱን በሙሉ ወርውሮ ለመዞር ከመሞከር የሚድነው ጨርቁን የመረጠው ሰው ክሩ ወዴት መሄድ እንዳለበት ስላወቀ ነው። እኔ በስኖውቦርድ ሥራ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀኝ ነገር የለም።

ይህ ዕውቀት በአንድ ጊዜ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1965 በገና ዕለት፣ በሚሺጋን ግዛት በመስኪገን ከተማ፣ ሸርማን ፖፐን የተባለ ሰው ለሴት ልጆቹ ሁለት ስኪዎችን ጎን ለጎን አያይዞ ስነርፈር የተባለውን የመጀመሪያ ቦርዱን ሠራ። ማሰሪያ አልነበረውም፤ የብረት ጠርዝም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1977 ጄክ በርተን ካርፐንተር በቨርሞንት ግዛት በለንደንደሪ ሥራ ጀምሮ መቶ ያህል የሙከራ ቦርዶችን ሠራ። የብረት ጠርዝ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተለመደ ሲሆን ቦርዱ ከለስላሳ በረዶ ወጥቶ የስኪ ማዘውተሪያዎች በማሽን የደለደሉት ጠንካራ በረዶ ላይ መቆም ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ስኖውቦርድ በናጋኖ ወደ ኦሊምፒክ ገባ። ጀማሪውን የሚያድነውም የሚጥለውም ያ የብረት ጠርዝ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው ብልሃት ብዙው በሁለቱ መካከል ሚዛን ፍለጋ ነው።

ሚዛኑ የሚወሰነው የቦርዱ ክፍሎች በአንድነት በሚጣበቁበት መጭመቂያ ውስጥ ነው። ከታች የፕላስቲክ ገጹና የብረት ጠርዙ ይነጠፋሉ፤ በጠርዙ ላይ ቀጭን የጎማ ጥብጣብ፣ ከዚያ ፋይበርግላስ፣ እንጨት፣ እንደገና ፋይበርግላስ፣ በላይ ሥዕል ያለበት ሽፋን። ጥብጣቡን ገዢ አያየውም። ብረቱ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ከሙጫው እንዳይላቀቅ የሚያደርገው ግን እሱ ነው። ንብርብሩ በሙቀትና በግፊት ሲጣበቅ የቅርጹን ጉብጠት ይዞ ይወጣል። በጥንቱ አሠራር ቦርዱ መሃል ለመሃል ወደ ላይ ይጎብጣል፤ ስለዚህ በረዶውን አጥብቀው የሚይዙት አፍንጫውና ጭራው አጠገብ ያሉት ቦታዎች ናቸው። ጉልበት አለው፤ ጀማሪን የሚነክሱትም እነዚያው ቦታዎች ናቸው። ለጀማሪ የሚበጀው በእግሮቹ መካከል ጠፍጣፋ ሆኖ ከእግር ውጭ ያለው ክፍል ቀስ ብሎ ከበረዶው የሚነሣው ነው። እርግጥ ነው፣ ጫፎቹ ሲነሡ በበረዷማ ቀን መያዝ ይቀንሳል። በዋሽንግተን ግዛት ሊብ ቴክና ግኑ የተባሉትን ቦርዶች የሚሠራው መርቪን ለዚህ ያገኘው መልስ ያምራል። ጠርዙን ቀጥ ባለ ቅስት ፈንታ በሞገድ መልክ ቆረጠው፤ ጠርዙም ጫፍ ላይ የተወውን ንክሻ በእግር አጠገብ ባሉ ብዙ ቦታዎች መልሶ አገኘው።

ስለ ታችኛው ገጽ አጭር ቃል ይበቃል። ውዱ ዓይነት የፕላስቲክ ዱቄት በሙቀትና በግፊት ተጋግሮ ከዚያ በስሱ እየተላጠ ይሠራል፤ ቀዳዳማ ስለሆነ ሰም ይጠጣል፣ ፈጣንም ነው። ርካሹ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ይወጣል። ሻጭ ውዱን ቢያሞግስ አትታለሉ። ሰም ካልተቀባ ውዱ ይደርቃል፤ ርካሹ ግን ቸልታን ይችላል፣ ድንጋይ ሲጭረውም በቀላሉ ይጠገናል። ለመጀመሪያው ክረምት እሱ ይበቃል።

እኔ ያለሁት ዴንቨር ነው። እዚህና በአውሮራ ከምንኖረው ብዙ ሐበሾች መካከል ተራራውን ከመኪና መስኮት ብቻ የሚያውቀው ጥቂት አይደለም። ጀማሪዎች የሚማሩበት የላቭላንድ ቫሊ ሜዳ ከፍታው ከእንጦጦ ጋር ይቀራረባል፤ አየሩ ስስ ነው። እዚያ ትልቅ ሰው የሚደክመው በመንሸራተቱ አይደለም፤ በረዶ ላይ ተቀምጦ ማሰሪያውን ለማጥበቅ በመታገልና እንደገና በመነሣት ነው። ስለዚህ ማሰሪያውን ስትመርጡ ጓንት አድርጋችሁ ፍቱት፤ ጓንት አድርጋችሁም እሰሩት። ጥርስ ያለው ምላስ ወደ መያዣው ሳትመሩት ይግባ፤ ማንሻው ሲነሣ ሳይንገጫገጭ ይልቀቅ። የቁርጭምጭሚቱ ጥብጣብ ግፊቱን በስፋት ያከፋፍል እንጂ አንድ መስመር ላይ አይቁረጥ። እ.ኤ.አ. በ2017 የጄክ በርተን ኩባንያ ጥብጣብ የሌለው፣ ጫማው በቀጥታ ረግጦ የሚቆለፍበት አሠራር ያወጣ ሲሆን ለጉልበቱ ለሚያዝን ሰው ትልቅ እረፍት ነው። ማሰሪያውን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኙት ብሎኖች እንጨቱ ውስጥ በተቀበሩ የማይዝግ ብረት ማቀፊያዎች ውስጥ ይገባሉ። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ብሎኖቹን መልሳችሁ አጥብቁ።

ከሁሉ በላይ የምከራከርለት ግን ጫማው ነው። ቦርዱ ምንም ያህል ቢያምር የእግርን ሐሳብ የሚሰማው በጫማው በኩል ነው። ጥሩ ጫማ ሁለት ጫማ ነው፤ ውጭ የሚጸና ቆዳ ወይም ሰው ሠራሽ ሽፋን፣ ውስጥ ደግሞ ሞቆ ሲለበስ የባለቤቱን እግር ቅርጽ የሚይዝ አረፋ። ተረከዝ የሚያርፍበትን ጉድጓድ በጣታችሁ ዳስሱ፤ በሁለቱም በኩል የቁርጭምጭሚቱን አጥንት ሥር የሚደግፍ እብጠት መኖር አለበት። የማጥበቂያውን ሥራም እዩ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በስኖውቦርድ ጫማዎች ላይ የገባው ቦአ በትንሽ ክብ መዘውር ቀጭን የብረት ገመድ ይጠቀልላል፤ መዘውሩ ሲዞር ግፊቱ ጫማው ላይ ሁሉ እኩል መሰራጨቱን ተመልከቱ። አንዳንድ ጫማ ላይ አንዱ መዘውር የላይኛውን ሌላው የታችኛውን ክፍል ለየብቻ ያጠብቃል፤ የእግሩ ጀርባ ከፍ ላለ ሰው የተሻለው እሱ ነው።

ልኩን ስትፈትሹ አንድ መካከለኛ ካልሲ ብቻ አድርጉ። ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ የእግራችሁ ጣት የጫማውን ጫፍ በቀስታ ይንካ። ጉልበታችሁን ስታጥፉ ጣታችሁ ወደ ኋላ ይመለስ፤ ተረከዛችሁ ግን አይነሣ። ሱቅ ውስጥ ስለሚመች ብቻ የሚሰፋ ቁጥር የሚወስድ ሰው ተራራው ላይ ተረከዙ በየዞሩ ይነሣል። ያንን ለማካካስ ማሰሪያውን እስኪደነዝዘው ያጠብቀዋል፤ ከዚያም ስፖርቱ ያማል ብሎ ይተወዋል። የእግራችሁ ቁጥር የቦርዱንም ወገብ ይወስናል፤ ጫማው ከጠርዙ ብዙ ከወጣ በዞራችሁ ጊዜ በረዶ ይጎትታል። ርዝመቱን ደግሞ ከቁመታችሁ ይልቅ በክብደታችሁ ምረጡ፤ ለጀማሪ ከተፈቀደው ልክ ውስጥ አጠር ያለው ይሻላል።

የራስ ቁርና የእጅ አንጓ መከላከያ አድርጉ፤ ይህ አያከራክርም። ትምህርቱን ከባለሙያ አስተማሪ ጀምሩ። በአንድ እግር መንሸራተትን፣ በተረከዝ ጠርዝ ቀስ ብሎ መውረድን፣ እንደ ቅጠል ወዲያና ወዲህ መንሳፈፍን ሳትለምዱ መዞር ውስጥ አትግቡ። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ቦርዱን ተከራዩ፤ ጫማውን ግዙ።