«ልቤን እግዚአብሔር ያውቃል»፦ የሄንሪ ኖውን «በኢየሱስ ስም» ሒሳዊ ንባብ

በቤተ ክርስቲያን ስብሰባዎች ብዙ ጊዜ የምንሰማት አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፤ «ልቤን እግዚአብሔር ያውቃል» የምትል። እውነት ናት። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የምትነገረው አንድ ሰው ጥያቄ ሲያነሣ ነው፤ ከተነገረች በኋላም ጥያቄው ይዘጋል። እኔም ብያታለሁ። በሃያዎቹ ዕድሜዬ በአንድ አጥቢያ የወጣቶች ኮንፈረንስ ሳስተባብር የተሰበሰበው ገንዘብ በእጄ ነበር። ከኮሚቴው አባላት አንዲት እኅት ደረሰኞቹን ጠየቀችኝ። አልሰረቅሁም ነበርና ጥያቄዋ አስከፋኝ፤ ያችኑ ዐረፍተ ነገር መለስሁላት። እርሷም ዝም አለች። ከሳምንታት በኋላ ሒሳቡን ለመዝጋት ስቀመጥ ለትራንስፖርትና ለምግብ ከወጣው ገንዘብ ከፊሉ ደረሰኝ የሌለው ሆኖ አገኘሁት። ልቤ ንጹሕ እንደ ነበረ አምን ነበር፤ ለማንም ማሳየት ግን አልቻልሁም።

ይህን ደጋግሞ የሚያስታውሰኝ የክርስቲያን አመራር ትምህርት ስሰጥ ከተማሪዎቼ ጋር የማነበው የሄንሪ ኖውን «በኢየሱስ ስም» የተሰኘ ትንሽ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ስለ አገልጋይ ልብ ከተጻፉት መልካም ጽሑፎች አንዱ ነው። ሆኖም አንድ ከባድ ነገር ይጎድለዋል። አገልጋዩ ልቡን እንዲመረምር ያስተምራል፤ ልብ ለባለቤቱ እንኳ የተሰወረ ስለሆነ ሌሎች ሥራውን የሚመረምሩበትን ሥርዓት ግን በበቂ አያሳይም። መጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱንም ያዝዛል።

የመጽሐፉ መልእክት

ኖውን (እ.ኤ.አ. 1932–1996) ሆላንዳዊ የካቶሊክ ካህን ነበር። በአሜሪካ በየልና በሃርቫርድ የሥነ መለኮት ትምህርት ቤቶች አስተምሯል፤ መጻሕፍቱም በሰፊው ይነበቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ይህን ሁሉ ትቶ በካናዳ፣ በቶሮንቶ አቅራቢያ ወደሚገኘው ዴይብሬክ ገባ። ዴይብሬክ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎችና ረዳቶቻቸው በአንድ ቤት የሚኖሩበት፣ ላርሽ የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር ክፍል ነው። የቤቱ ነዋሪዎች መጻሕፍቱን አላነበቡም፤ ማዕረጉም ለእነርሱ ምንም ማለት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመው መጽሐፍ በዋሽንግተን ስለ ክርስቲያን አመራር ካቀረበው ንግግር የተገኘ ነው። ወደዚያ የሄደው ብቻውን አልነበረም፤ ከቤቱ ነዋሪዎች አንዱን ይዞ ሄደ፤ ሰውዬውም በመድረኩ ላይ አጠገቡ ቆሞ የተነበቡትን ወረቀቶች አንድ በአንድ ይቀበለው ነበር።

መጽሐፉ በማቴዎስ 4 ያሉትን ሦስት የኢየሱስ ፈተናዎች በዮሐንስ 21 ጌታ ከጴጥሮስ ጋር ካደረገው ንግግር ጋር ያገናኛል። ድንጋዩን እንጀራ ማድረግ ተፈላጊ ሆኖ የመገኘት ፈተና ነው፤ መድኃኒቱ «ትወደኛለህን?» የሚለውን ጥያቄ በጸሎት መስማት ነው። ከመቅደስ ጫፍ መወርወር የመደነቅ ፈተና ነው፤ መድኃኒቱ በጎችን ከሌሎች ጋር ሆኖ መጠበቅና ኃጢአትን በወንድሞች ፊት መናዘዝ ነው። የዓለም መንግሥታት የሥልጣን ፈተና ናቸው፤ መድኃኒቱ በሌላ መመራትን መቀበልና ሁሉን በጌታ አሳብ መመዘን ነው።

ሊመሰገን የሚገባው

አንዳንድ ወንድሞች ከካቶሊክ ካህን ምን እንማራለን ይሉ ይሆናል። በምሥጢራትና በክህነት ትምህርት ልዩነታችን ሰፊ ነው። ስለ አገልጋይ ልብ የተናገረው ግን የእኛኑ ቤት የሚገልጥ ነው። የመጀመሪያው ፈተና የአገልግሎት ፕሮግራም ያልሞላበት ሳምንት ሲመጣ የሚሰማን ፍርሃት ነው፤ ሳይጋብዙን ሲቀሩ የተጣልን ይመስለናል። ሁለተኛው ፎቶግራፋችን በፖስተሩ ላይ ስንተኛ እንደሆነ የምናይበት ዓይን ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከአገልግሎት ዘመን በኋላ ወንበር መልቀቅ ሞት የሚመስለን ነገር ነው። ኖውን እነዚህን በጥሩ ስማቸው አይጠራቸውም፤ ፈተና ይላቸዋል። አገልጋዮች ስለ ንስሐ እየሰበኩ ራሳቸው ግን የሚናዘዙበት ሰው የሌላቸው መሆኑን ማሳየቱም ትክክል ነው። ብቻውን ወደ መድረክ አለመሄዱም ትምህርት ነው።

የሚጎድለው

በመጀመሪያ ከሥልጣን ጋር ያለው ነገር ነው። ኖውን ሥልጣንን የፍቅር ተፎካካሪ አድርጎ ያቀርበዋል፤ ከፍቅር ይልቅ ሥልጣን መያዝ ይቀልላል ይላል። ይህ በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ሥልጣን ስለናቁት አይጠፋም። «እኔ ምንም አይደለሁም፤ የእናንተ አገልጋይ ነኝ» የሚለው መጋቢ የካዝናው ቁልፍ፣ የመድረኩ ፕሮግራምና የሠራተኛው ቅጥር በእጁ ከሆነ ሥልጣኑ እንዳለ ነው። የተለወጠው ቢኖር ስለ ሥልጣኑ መጠየቅ የሚያሳፍር መሆኑ ነው። በእኛ ባህል ትሕትና የሚናገርን ሰው «ሒሳቡን አሳየን» ማለት እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ስለዚህ ሥልጣንን መካድ ሳይሆን ስሙን ጠርቶ ወሰን ማበጀት ይሻላል።

ሁለተኛው ከኑዛዜ ጋር የተያያዘ ነው። ኑዛዜ ታላቅ ስጦታ ነው፤ ሆኖም የሚጀምረው ከተናዛዡ ፈቃድ ነው። የማይናዘዝ ሰውስ? እዚህ ላይ ታሪክ ራሱ መጽሐፉን የሚፈትን ጥያቄ አምጥቷል። ላርሽን እ.ኤ.አ. በ1964 በፈረንሳይ የመሠረተው፣ ኖውንንም ወደዚህ ሕይወት የሳበው ዣን ቫኒየ በዓለም ዙሪያ የትሕትና ምሳሌ ተደርጎ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ሞተ። በቀጣዩ ዓመት ማኅበሩ ራሱ ባስደረገው ምርመራ ቫኒየ በመንፈሳዊ ምክር ስም ሴቶችን ይበድል እንደ ነበር አስታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ሰፊ ጥናት ደግሞ ቢያንስ 25 ሴቶችን ቆጠረ። ኖውን በሞተ ጊዜ ይህ ገና አልተገለጠም ነበር፤ በእርሱ ላይ የሚመጣ ክስም አይደለም። ነገር ግን ስለ ድካምና ስለ ትሕትና የሚናገር ውብ ቋንቋ ብቻውን በጎችን እንደማይጠብቅ ያሳያል።

ይህ የሌላ ቤት ጉዳይ ነው ብለን እንዳንጽናና የእኛው ወገን የሆነውን ራቪ ዘካርያስን እናስብ። ንግግሮቹን ብዙዎቻችን ሰምተናል። በሕይወት ሳለ ክስ ሲነሣበት የአገልግሎቱ ቦርድ የእርሱን ቃል አመነ። ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ድርጅቱ ያስጠናው ምርመራ በደሉን አረጋገጠ፤ ቦርዱም ስሕተቱን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። ሁለቱም ሰዎች ፍሬ ነበራቸው። ጳውሎስ ግን በፊልጵስዩስ 1፥15–18 ክርስቶስ በቅንዓትና በክርክር እንኳ ሊሰበክ እንደሚችል ይነግረናል። ስለዚህ የአገልግሎቱ ፍሬ የወንጌሉ ኃይል ምስክር እንጂ የአገልጋዩ ልብ ምስክር አይደለም።

ጳውሎስና ጴጥሮስ ምን አደረጉ?

በ1ኛ ቆሮንቶስ 4፥3–5 ጳውሎስ በራሱ ላይ የሚያውቀው ክፉ ነገር ባይኖርም በዚህ እንደማይጸድቅ ይናገራል፤ በልብ የተሰወረውን የሚገልጠው ጌታ ሲመጣ ነው። ይህ በሁለት ወገን ያለውን ስሕተት ያርማል። የሌላውን ልብ አይተን «ለገንዘብ ነው የሚያገለግለው» ማለት አንችልም። የራሳችንን ልብም አይተን ማኅተም ልንመታበት አንችልም።

ታዲያ ልብ የተሰወረ ከሆነ ምን እናድርግ? ይኸው ሐዋርያ በ2ኛ ቆሮንቶስ 8፥18–21 ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም። በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጠ ወንድም አብሮ እንዲሄድ ተደረገ። ምክንያቱንም ራሱ ይሰጣል፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን ማሰብ። ጳውሎስ ልቡን እግዚአብሔር እንደሚያውቅ አልተጠራጠረም፤ ነገር ግን ያንን ለደረሰኝ ምትክ አላደረገውም። በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥19–20 ደግሞ በሽማግሌ ላይ የሚቀርብ ክስ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር እንዲሰማ፣ ኃጢአት ከተገኘም በሁሉ ፊት እንዲገሠጽ ያዝዛል። ሽማግሌው ከሐሰት ክስ ይጠበቃል፤ ከእውነተኛ ክስ ግን አይሸሸግም። ሥርዓቱ እስኪናዘዝ አይጠብቅም። «የተቀባውን አትንኩ» እያልን ክስን ሁሉ የምንዘጋበት ልማድ በዚህ ቃል ፊት አይቆምም።

ኖውን የጴጥሮስን ታሪክ በባሕሩ ዳር ያቆመዋል። እኛ አንድ እርምጃ እንሂድ። ያ «ትወደኛለህን?» የተባለው ጴጥሮስ በኋላ በ1ኛ ጴጥሮስ 5፥1–4 ለሽማግሌዎች ጽፏል። በግድ ሳይሆን በፈቃድ፣ ነውረኛ ረብን በመመኘት ሳይሆን በበጎ ፈቃድ፣ በመግዛት ሳይሆን ምሳሌ በመሆን ይጠብቁ ዘንድ ይመክራል። እነዚህ የመነሻ አሳብ ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን ጴጥሮስ ራሱን ከእነርሱ ጋር ሽማግሌ ብሎ ይጠራል፤ የሚጽፈውም ለአንድ መሪ ሳይሆን ለብዙዎች ነው። መንጋውም የእግዚአብሔር ነው፤ የእረኞች አለቃም ይገለጣል። ንጹሕ መነሻ አሳብና የጋራ ኃላፊነት በአንድ አንቀጽ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ማጠቃለያ

ስለዚህ ይህን መጽሐፍ ያንብቡ፤ ለብቻዎ ጸልየው ያንብቡት። ከዚያ በኋላ ግን ከሽማግሌዎች ጋር ሲቀመጡ እነዚህን ጥያቄዎች ያንሡ። የመባውንና የአሥራቱን ሒሳብ ከእርስዎ ሌላ ማን ያያል? ደመወዝዎን የሚወስነው ማን ነው? «አይሆንም» ብሎዎት በቦታው የቆየ ሰው አለ? አንዲት እኅት በእርስዎ ላይ ቅሬታ ቢኖራት እርስዎ ሳይሰሙ ለማን ትናገራለች? ለእነዚህ ስም ጠርተው መመለስ ካልቻሉ፣ ልብዎ ንጹሕ ቢሆንም ቤቱ ክፍት ነው።

ያችን እኅት ከዓመታት በኋላ ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅኋት። እንደማትረሳው ነገረችኝ፤ የጎዳት ግን የጠፋው ደረሰኝ አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ በየትኛውም ኮሚቴ ስለ ገንዘብ ጠይቃ እንደማታውቅ ነው የነገረችኝ።