እንከን በትሪየስቴ፣ ልዩነት በቦንጋ

ለሁለት ቀን የቡና ሥልጠና ከቦንጋ ተነሥቶ ጣሊያን አገር፣ ትሪየስቴ ድረስ መሄድ ብዙ ሰው ትርፍ ነገር ይመስለዋል። ቡና በየጫካው ራሱን ችሎ በሚበቅልበት ከፋ የሚሠራ ቀማሽ፣ አንዲት የቡና ዛፍ ከሌላት የአድሪያቲክ ወደብ ምን ይማራል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ክርክሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአገር ኩራትና በፈረንጅ አምልኮ መካከል ሲዋልል ሙያውን ይረሳል። በእኔ አስተያየት የቀማሽ ሥራ ሥሩ አንድ ነው፤ እንከንን ከልዩነት መለየት። ትሪየስቴ እንከንን ለማወቅ ከሚመቹ ቦታዎች አንዷ ናት። ልዩነትን ሊማር እዚያ የሄደ ግን የሚያውቀውንም ጥሎ ሊመለስ ይችላል።

ከተማዋ ቡና ያለፈባት እንጂ የበቀለባት አይደለችም። የሐፕስበርጉ ንጉሠ ነገሥት ካርል 6ኛ በ1719 እ.ኤ.አ. ነፃ ወደብ ካደረጋት በኋላ ለቪየና ቡና ቤቶች የሚሆነው ጭነት በእርሷ በኩል ይገባ ጀመር፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ጣሊያን ስትዞርም ንግዱ አልለቀቃትም። ፍራንቼስኮ ኢሊ በስሙ የሚጠራውን ኩባንያ በ1933 የመሠረተው እዚያ ነው፤ በ1999 በኔፕልስ የተከፈተው የኩባንያው የቡና ዩኒቨርሲቲም ኋላ ወደ ትሪየስቴ ተዛውሯል። የወደብ ባለሙያ ጥበብ ከየአገሩ የመጣውን ጆንያ ተቀብሎ ዘንድሮም ከርሞም ያው የሆነ ሲኒ ማቅረብ ነው። የኢሊ ቅይጥ ከዘጠኝ ዓይነት አረቢካ ይዘጋጃል፤ ጠጪው ዘጠኙን ነጥሎ ቢያውቅ ግን ቀያጩ ሥራውን አበላሽቷል ማለት ነው።

እንከንን በተመለከተ ይህ ጥበብ ምሕረት የለውም፤ ምክንያቱም አፈላሉ ነው። ኤስፕሬሶ 7 ግራም ያህል የተፈጨ ቡና፣ ከ90 ዲግሪ የማይርቅ ውሃ፣ 9 ባር ግፊትና ግማሽ ደቂቃ የማይሞላ ጊዜ ይፈልጋል። ያ ቡና ሲቆጠር 50 ፍሬ ያህል ነው። ከ50ው አንዱ የገማ ከሆነ በጥቂት ጉንጭ ውስጥ ተጨምቆ ስለሚወጣ መሸሸጊያ የለውም። የእኛ ጀበና ይቅር ባይ ነው፤ በደንብ የተቆላው ቡና፣ ረጅሙ መፍላት፣ አንዳንዴም ጨው ወይም ጤና አዳም ብዙ ጥፋት ይሸፍናሉ። (ጀበናን መንቀፌ አይደለም፤ ጀበና የተሠራው ለጎረቤት እንጂ ለምርመራ አይደለም።) የላቦራቶሪው ቅምሻም ቢሆን በሻካራው የተፈጨ ቡና ላይ ሙቅ ውሃ አፍስሶ፣ አራት ደቂቃ ጠብቆ፣ አረፋውን በማንኪያ ሰብሮ ማሽተትና መማግ ነው፤ የሚቀመሰው ከኤስፕሬሶ በእጅጉ የቀጠነ ነው። በጠረጴዛ ላይ «ትንሽ አፈር አፈር ይላል» ተብሎ የታለፈ ናሙና በማሽን ሲወጣ አፍንጫ የሚያስይዝ ይሆናል። ለከፋ ደግሞ ነገሩ እንግዳ አይደለም። አገሩ ዝናባማ ነው፣ የጫካ ቡና ማድረቅ አስቸጋሪ ነው። ማድረቂያ አልጋ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ የደረቀ ጀንፈል፣ ቀይና አረንጓዴው አንድ ላይ የተለቀመ ፍሬ፣ ሳይደርቅ ጆንያ ውስጥ የከረመ ቡና እንከናቸውን ይዘው ወደብ ይደርሳሉ።

ሁለት ቀን አይበቃም የሚሉ አሉ። ቀማሽ ለመሆን አይበቃም፤ እንከንን ለመለየት ግን ይበቃል። ሻጋታ፣ አፈር፣ የኮመጠጠ ፍላት፣ የገማ ፍሬ፦ ዝርዝሩ አጭር ነው፤ እያንዳንዱም መንስኤ አለው፤ ሆን ተብሎ በንጹሕ ቡና ውስጥ ተጨምሮ ሲቀመስ ምላስ ቶሎ ይይዘዋል። ዘመናት የሚፈጀው ልዩነትን ማወቅ ነው፤ እርሱን ደግሞ ወደብ አያስተምርም። አዲስ አበባም ላቦራቶሪ አለ የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። እውነት ነው፤ የአገራችን የደረጃ አሰጣጥም ለጥሬው ቡና 40፣ ለሲኒው 60 ከመቶ ሰጥቶ ሁለቱንም ይመዝናል። የጎደለው ቡናው በመጨረሻ ገዢው ማሽን ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ማየት ነው፤ ማሽኑ አዲስ አበባ ውስጥ በዚህ ዓላማ ከተተከለ ወደ ትሪየስቴ የሚያስኬድ ምክንያት ግማሹ ይቀራል።

ልዩነት ጋ ስንደርስ ነገሩ ይገለበጣል። በላቲን አሜሪካ የተተከለው አረቢካ በብዛት የሚወርደው ከየመን ከወጡ ጥቂት ዘሮች ነው፤ የወደቡ ምላስም፣ የወደቡ የነጥብ መስጫ ቅጽም የተሞረደው በዚያ ጠባብ ዘር ላይ ነው። ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ የመዘገበው የከፋ ደን ግን የአረቢካ መገኛ ከሆኑት የደቡብ ምዕራብ ደኖች አንዱ ነው፤ ዴቻ ውስጥ ባለው የማንኪራ ጫካ ዛፍ ከዛፍ ይለያያል። ስለዚህ ቅጹ ላይ ቦታ የሌለው ጣዕም ሁሉ ጥፋት አይደለም። ቀያጩ ከዓመት ዓመት ያው እንዲሆንለት ይፈልጋል፤ ያልጠበቀው መዓዛ ቢያስደስተውም ሒሳቡን ያፋልስበታል። ከእርሱ የተማረ ቀማሽ ቦንጋ ተመልሶ እንግዳውን ሁሉ ነጥብ ከቀነሰበት፣ አቅራቢውም ሰብሳቢውም ያንኑ ተከትለው ጫካውን አንድ መልክ ማስያዝ ይጀምራሉ።

ልዩነቱ ምን ይሸጣል የሚል ነጋዴ ይኖራል። ለረጅም ጊዜ ልክ ነበር። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 እ.ኤ.አ. ቡና ማገበያየት ከጀመረ በኋላ ቡናው የሚሸጠው በምድብና በደረጃ እንጂ በጫካው ስም አልነበረም፤ ልዩነት ዋጋ የሚያገኝበት በር አልነበረውም። የ2017ቱ (እ.ኤ.አ.) የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ምንጩ የታወቀ ቡና በቀጥታ ለውጭ ገዢ የሚደርስበትን መንገድ ከፍቷል፤ ለአንድ አካባቢ ቡና ብቻ የሚከፍል ገዢም አለ። እርሱ የሚከፍለው ግን ቡናው ንጹሕ ሲሆን ነው፤ አፈር አፈር የሚል ቡና «የጫካ ጠባዩ ነው» ቢባል የሚያምን የለም።

ስለዚህ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይሂድ። ከአንድ ጫካ፣ በአንድ ሳምንት የተለቀመ ቡና ሁለት ናሙና ይያዝ፤ አንዱ አልጋ ላይ፣ ሌላው መሬት ላይ የደረቀ። ሦስተኛ ደግሞ ንጹሕ ሆኖ ጠባዩ ወጣ ያለ። ሦስቱም ስም ሳይነገር በማሽን ይውጡለት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ርቀት አልጋ መሥራት ምን ያህል እንደሚያወጣ ይነግረዋል። ሦስተኛው ላይ አሠልጣኙ ነጥብ ከቀነሰ ምክንያቱን ይጠይቀው፤ ሻጋታ ነው፣ ፍላት አልፏል፣ አፈር ነክቶታል ካለ ይጻፈው፣ ለገበሬውም ይንገረው። መልሱ «እንዲህ ያለ ቡና አልለመድንም» ከሆነ ግን ያን ናሙና ቦንጋ ሲመለስ ለብቻው ያስቀምጠው፤ ሌላ ገዢ ይፈለግለታል።