ስም ለጆሮ፣ ትርጉም ለዓይን

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» እንላለን። ጃፓን ውስጥ ግን ከመልአኩ ሌላ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊም ድርሻ አለው። ወላጅ ያወጣውን ስም ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ «ይህ ፊደል ለስም አልተፈቀደም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ቀልድ ይመስላል እንጂ ቀልድ አይደለም፤ ሕግ ነው። ወደ ሕጉ ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ነገር ላስቀድም።

«የጃፓን ስሞች ከነትርጉማቸው» የሚል ዝርዝር እዚህም እዚያም ሲዞር አያለሁ። «አኪራ ማለት ብሩህ፣ ዩኪ ማለት በረዶ» ይላል፣ እንደ ሐኪም ማዘዣ ቁርጥ አድርጎ። ፊደላቱ ሳይታዩ የተዘጋጀ እንዲህ ያለ ዝርዝር ዋጋ የለውም ባይ ነኝ። ምክንያቱም የጃፓን ስም ትርጉሙ ያለው በድምፁ ውስጥ ሳይሆን በሚጻፍበት ፊደል ውስጥ ነው። ከቻይና የመጣው ካንጂ የሚባለው ፊደል እያንዳንዱ የራሱ ትርጉም አለው፤ አንዱም ፊደል ሁለትና ሦስት ዓይነት ንባብ ሊኖረው ይችላል። ዩኪ የምትባል ልጅ ስሟ በአንድ ፊደል ሲጻፍ በረዶ፣ በሌላ ሲጻፍ መታደል፣ በሁለት ፊደል ሲጻፍ ደግሞ «ተስፋ ያላት» ሊሆን ይችላል። ድምፁን ብቻ ሰምቶ «በረዶ ነሽ» ማለት መገመት እንጂ ማወቅ አይደለም። ጃፓኖቹ ራሳቸው ሲተዋወቁ «በየትኛው ፊደል ነው የሚጻፈው?» ይባባላሉ። አንዳንዱም በጣቱ መዳፉ ላይ ጽፎ ያሳያል።

እኛ ዘንድ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ከበደ፣ ማስረሻ፣ ምትኩ ሲባል አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ ትርጉሙን በጆሮው ይሰማል፤ ብዕርና ወረቀት አያስፈልገውም።

ሌላው የዝርዝሩ ጉድለት ሁሉም ስም ቅኔ እንዲመስለን ማድረጉ ነው። በ1941 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የፐርል ሃርበርን ጥቃት ያቀደው አድሚራል ያማሞቶ የግል ስሙ ኢሶሮኩ ነው። ፊደሎቹ ሲነበቡ ምን ይላሉ? «ሃምሳ ስድስት»! አባቱ እሱን የወለዱት በ56 ዓመታቸው ስለነበረ ነው። በዚህ ስም ውስጥ አበባም ጨረቃም የለም፤ ያለው የአባት ዕድሜ ነው።

በየመንገዳችንም የጃፓን ቤተሰብ ስም ሲሽከረከር ይውላል። ሱዙኪ ፊደሉ «ደወል» እና «ዛፍ» ነው። ያማሃ «ተራራ» እና «ቅጠል» ነው። ሆንዳ ደግሞ «ሥር» እና «የሩዝ ማሳ»። በ1875 መንግሥት ሁሉም ሰው የቤተሰብ ስም ይኑረው ብሎ አዝዞ ነበር፤ ማሳ፣ ተራራና ወንዝም በጃፓን የቤተሰብ ስሞች ውስጥ ሞልቷል። የቶዮታ መሥራቾች ስማቸው ቶዮዳ ነው፤ «ለም የሩዝ ማሳ» ማለት ነው። በ1936 ለመኪናው «ቶዮታ» የሚለው ሲመረጥ አንዱ ምክንያት ካታካና በሚባለው ድምፅ ብቻ በሚወክለው ፊደል ሲጻፍ ስምንት ጭረት መሆኑ ነበር፤ ስምንት ለነሱ የዕድል ቁጥር ነው። ዕድሉን አገኙ፤ ማሳው ግን ከስሙ ውስጥ ወጣ።

ከታሪካችን ጋር የተነካካ ስምም አለ። በ1931 ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ሲጎበኙ አብረዋቸው ከሄዱት አንዱ ልጅ አርአያ አበበ ነበሩ። ልጅ አርአያ ከዚያ በኋላ ጃፓናዊት ለማግባት አስበው ኩሮዳ ማሳኮ የምትባል የመኳንንት ልጅ ታጨችላቸው፤ ጋብቻው ግን በ1934 ሳይሆን ቀረ። ኩሮዳ «ጥቁር ማሳ»፣ ማሳኮ «ጨዋነት ያማረባት ልጅ» እንደማለት ነው። መጨረሻ ላይ ያለው «ኮ» ልጅ ማለት ሲሆን በጥንት ዘመን የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ሴቶች ምልክት ነበር። በእኛም በኩል የሙሽራው ማዕረግ «ልጅ» ነው። ሁለቱም አገሮች የመኳንንት ዘር መሆንን በአንድ ቃል ይገልጹ ነበር፤ እኛ ከስሙ ፊት፣ እነሱ ከስሙ ኋላ።

እንግዲህ ትርጉሙን የሚሸከመው ፊደሉ ከሆነ፣ ፊደሉን የሚመርጠው ማን ነው? ጥያቄው እዚህ ላይ ይከብዳል። በ1947 የወጣው የቤተሰብ መዝገብ ሕግ የልጅ ስም በተለመደና በቀላል ፊደል ይጻፍ አለ። መጀመሪያ የተፈቀዱት 1,850 ፊደሎች ብቻ ነበሩ፤ በ1951 ለስም ብቻ የሚሆኑ 92 ተጨመሩ። ዛሬ ሁለቱ ዝርዝሮች ተደምረው ወደ 3,000 ይጠጋሉ። በ2003 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለአንድ የተከለከለ ፊደል ሲል ብቻ ውሳኔ ሰጥቷል፤ ፊደሉ የተለመደ ስለሆነ ይፈቀድ ብሎ። በ2004 ባለሥልጣናቱ 578 አዳዲስ ፊደሎች በረቂቅ ሲያወጡ ደግሞ ሕዝቡ ጉድ አለ። ከመካከላቸው «ሬሳ»፣ «እርግማን»፣ «ኪንታሮት» እና «ካንሰር» ነበሩበት! ፊደሉ ምን ያህል ጊዜ እንደሚታተም ቆጥረው እንጂ ልጅ ላይ ምን እንደሚለጥፉ አላሰቡም። ተቃውሞው ሲበረታ እነዚህ ወጥተው 488 ጸደቁ።

ፊደል መቁጠር ብቻውን ልጅን እንደማያድን ቀድሞም ታይቷል። በ1993 በቶኪዮ ግዛት በአኪሺማ ከተማ ወላጆች ልጃቸውን «ሰይጣን» ብለው ሊያስመዘግቡ መጡ። ሁለቱም ፊደሎች በተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ ነበሩ። ከተማው መጀመሪያ ተቀብሎ ኋላ ሰረዘው። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ዳኞቹ ስሙ የመሰየም መብትን ያላግባብ መጠቀም ነው አሉ፤ ከተማውም አንዴ የተቀበለውን መሰረዙ ሕግ መጣስ ነው አሉ። በመጨረሻ ልጁ ሌላ ስም ተሰጠው።

መንግሥት ፊደሉን ሲጠብቅ ንባቡን ግን ክፍት ትቶት ነበር። የቤተሰብ መዝገቡ ስሙ እንዴት እንደሚጠራ አይጽፍም ነበር። በዚህ ቀዳዳ ገብተው ነው ወላጆች «ባሕር» ጽፈው «ማሪን»፣ «ጨረቃ» ጽፈው «ሉና» የሚሉት። «ታላቅ» እና «መብረር» በሚሉ ፊደሎች የተጻፈ የወንድ ስም በአንዱ ቤት ሂሮቶ፣ በሌላው ሃሩቶ፣ በሦስተኛው ያማቶ ይባላል። መምህሩ ስም ሲጠራ ይደናበራል፤ ነርሷም ትደናበራለች። ልጁ ዕድሜ ልኩን ስሙን ሲያስረዳ ይኖራል።

ከሜይ 26 ቀን 2025 ጀምሮ ግን ንባቡም ይመዘገባል፤ ያውም «በአጠቃላይ ተቀባይነት ያለው» ከሆነ ነው። «ከፍ ያለ» ጽፎ «ዝቅ ያለ» ብሎ ማንበብ፣ ወይም ታሮ ብሎ ጽፎ ጆርጅ ብሎ ማስጠራት አይቻልም።

እኔ ይህን ሕግ ግማሹን እደግፋለሁ። የምደግፈው ስም ከወላጁ ይልቅ የልጁ ስለሆነ ነው። «ማንም የሌለው ስም» ፍለጋ ብዙ ጊዜ የወላጅ ማስታወቂያ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ልጁ ነው። የማልደግፈው ደግሞ «ተቀባይነት» የሚለው ቃል ልጓም የሌለው ስለሆነ ነው። ዛሬ ጃፓኖች ሳይገረሙ የሚያነቧቸው ስንት የስም ንባቦች ከመዝገበ ቃላቱ ተለይተው በልማድ የጸኑ ናቸው! ትናንት እንግዳ የነበረውን ልማድ አደረገው። ነገን ዛሬ ጸሐፊ ከዘጋው ቋንቋው በምን ያድጋል? መመዘኛው መሆን ያለበት ስሙ ጸሐፊውን ማስገረሙ ሳይሆን ልጁን መጉዳቱ ነው። «ሰይጣን» ይጎዳል፤ ይከልከል። ያልተለመደ ግን ያማረ ንባብ ማንን ይጎዳል?

በ1964 በቶኪዮ ማራቶን ያሸነፈውን አበበ ቢቂላን ጃፓን እስከዛሬ ያስታውሰዋል። ስሙን የጻፉት ግን እንደ ማንኛውም የውጭ ሰው ስም በካታካና ነው። ድምፁ ተጻፈ፤ ማበቡ ቀረ። እነሱ ለሴት ልጅ ስም የሚጠቀሙበት «አበበ» የሚል ትርጉም ያለው ፊደል አላቸው፤ አንድ ኢትዮጵያዊ ካልነገራቸው ግን ሁለቱ አንድ መሆናቸውን በምን ያውቃሉ? እኛም የነሱን ስም ትርጉም ከዝርዝር ስንሸምት ያው ነን። ትርጉሙን የፈለገ ዝርዝሩን ይተውና ባለስሙን «በየትኛው ፊደል?» ብሎ ይጠይቅ።